ሂፍ ብሎቴ ላይ የለም፤ ለመሆኑ የሚለጠፍበት ምልክት ያድናል ወይስ ይገድላል?

የቤተሙከራ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ፣ ባዮኬሚስትሪ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንዱ የእጅ ሥራ ነው፣ ሌላው የራስ ምታት።

የእጁን ላስቀድም። ሂፍ-1 አልፋ የሚባለውን፣ ኦክስጅን ሲያንስ ሴል ውስጥ የሚከማቸውን ፕሮቲን ለማየት ሴሎቼን 1 በመቶ ኦክስጅን ያለው ሳጥን ውስጥ 6 ሰዓት አቆየኋቸው። አወጣኋቸው፣ አጠብኳቸው፣ ሰባበርኳቸው፣ ዌስተርን ብሎት (አንድን ፕሮቲን በአንቲቦዲ ለይቶ እንደ መስመር የሚያሳይ ምርመራ) ሠራሁ። ባዶ። ለማነጻጸሪያ የማየው ሌላው ፕሮቲን፣ አክቲኑ፣ ግን ጥቁር መስመር ሆኖ ቁጭ ብሏል። ደገምኩት፣ ያው ነው። አንቲቦዲው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ከጎረቤት ላብ ለምኜ ሞከርኩ። አሁንም ባዶ። አማካሪዬ «እጅሽን አስተካክይ» ብሎኝ ሄደ።

የራስ ምታቱ ደግሞ ይኸው። ለፈተና ስናጠና «ፎስፌት ሲለጠፍ ፕሮቲኑ ይበራል፣ ሲነሳ ይጠፋል» ብለን ሸምድደናል። ጂን የሚያዙት ፕሮቲኖችም፣ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የምንላቸው፣ እንደዚያው ናቸው ተብለናል። አሁን ሳነብ ፒ53 የሚባለው፣ ከካንሰር የሚጠብቀን ፕሮቲን ላይ ምልክት ሲለጠፍ ይድናል። ሂፍ ላይ ሲለጠፍ ይሞታል። ታዲያ ደንቡ የቱ ነው? በዚያ ላይ ሴሉ ሂፍን ቀን ከሌት እየሠራ ቀን ከሌት ያፈርሰዋል አሉ። ይሄ የጤና ነው?

ብሎት_ያስረጀኝ፦
የአማካሪሽን ነገር ተይው። እያንዳንዱ ላብ ውስጥ እንዲህ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሳሕኑን ከሳጥኑ ካወጣሽ ጀምሮ ሴሎቹ እስኪሰባበሩ ስንት ደቂቃ ፈጀ? በግምት ሳይሆን በሰዓት።

የቤተሙከራ_ልጅ፦
ሳጥኑ ምድር ቤት ነው ያለው። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። ሊፍቱ አይሠራም። በረዶውን ታቅፌ በደረጃ ወጣሁ፣ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ ሰው ነበር፣ ጠበቅኩ። 12 ደቂቃ ይሆናል።

ብሎት_ያስረጀኝ፦
በቃ፣ ገዳዩ ደረጃው ነው። 😄

ሂፍ-1 አልፋ ኦክስጅን ሲያገኝ ግማሹ ለመጥፋት 5 ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። አንቺ ፎቅ ስትወጪ እሱ አልቋል። በረዶ ላይ አስቀምጬዋለሁ ብለሽ አትተማመኚ፤ ሳሕኑ ውስጥ ያለው የሴል ምግብ ሞቃት ነው፣ ወዲያው አይቀዘቅዝም።

ሴሎቹን እዚያው ምድር ቤት ሰባብሪያቸው። ምግቡን ድፊ፣ ማጠቡን እርሺው፣ ትኩስ የኤስዲኤስ ፈሳሽ (ሴሉን ወዲያው የሚሰባብር ሳሙና) በቀጥታ አፍስሺበት። ሳጥኑ የእጅ ጓንት ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሳታወጪው እዚያው ውስጥ ጨርሺው፣ የበለጠ ነው። ሌላ አንድ ሳሕን ተራ አየር ላይ አድርገሽ 100 ማይክሮሞላር ኮባልት ክሎራይድ ጨምሪበት። እሱ ላይ መስመሩ ከታየሽ አንቲቦዲሽ ደህና ነው። የጎረቤትሽንም መልሺላት።

የቤተሙከራ_ልጅ፦
እሺ እህቴ፣ ሰኞ እሞክራለሁ። ግን ኮባልት ለምን ይሠራል? ጉዳዩ የኦክስጅን አይደለም እንዴ?

ሰባራ_ፒፔት፦
እዚህ ላይ እኔ ልግባ። የኮባልቱ መልስ የራስ ምታትሽንም ይዞ ነው የሚመጣው።

ሂፍ የሁለት ፕሮቲኖች ጥንድ ነው። ቤታ ሁልጊዜ አለ፤ ኦክስጅን ኖረም አልኖረም ግድ አይሰጠውም። ጣጣው ሁሉ አልፋ ጋ ነው። አልፋ ላይ 402 እና 564 ቁጥር ቦታ ላይ ፕሮሊን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ። ሁለቱን እየፈለገ ሃይድሮክሲል (አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን) የሚለጥፍባቸው ኢንዛይም ደግሞ ፒኤችዲ ይባላል። (አዎ፣ ፒኤችዲ። ቀልዱን ሁላችንም ቀልደነዋል፣ እንለፈው።)

አሁን ልብ በይ። ያቺ የምትለጠፈው ኦክስጅን ከየት መጣች? ከውሃ አይደለም። ከምንተነፍሰው አየር ናት። ኢንዛይሙ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ይወስዳል። አንዷን አቶም ፕሮሊኑ ላይ ይለጥፋል፣ ሌላዋን 2-ኦክሶግሉታሬት ለሚባለው የክሬብስ ዑደት ቤተሰብ ይሰጣል፤ እሱም ሰክሲኔት እና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ስለዚህ «ኦክስጅን አለ» ብሎ ወሬ የሚያደርስ መልእክተኛ የለም። ኦክስጅኑ ራሱ ነው ምልክት ሆኖ የሚለጠፈው። እኔ ይሄን የተረዳሁ ቀን ላፕቶፔን ዘግቼ ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

ኢንዛይሙ መሃሉ ላይ ብረት አለው፣ ያለ ብረት አይሠራም። ኮባልት የብረቱን ቦታ ይይዝና ያሽመደምደዋል። አየር ሞልቶ ሳለ ሴሉ «ታፈንኩ» ብሎ ይጮሃል ማለት ነው።

ምልክቱ ከተለጠፈ በኋላ ቪኤችኤል የሚባል ፕሮቲን መጥቶ ይይዘዋል። ቪኤችኤል ብቻውን አይመጣም፣ ግብረ አበሮች አሉት። ዩቢኩቲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን እንደ ሰንሰለት ይቀጣጥሉበታል። ያ ሰንሰለት ያለበት ወደ ፕሮቲያዞም ይገባል። ፕሮቲያዞም ወፍጮ ነው፣ የገባው ተቆራርጦ ይወጣል። ኦክስጅን ሲያንስ ፒኤችዲ ሥራው ይቀዘቅዛል፣ ፕሮሊኑ ባዶውን ይቀራል፣ ቪኤችኤል የሚይዘው ያጣል። አልፋ ይከማቻል፣ ከቤታ ጋር ተጣምሮ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጣል፣ የደም ሥር የሚያበዛውን፣ ስኳር በፍጥነት የሚያቃጥለውን ጂን ያስነሳል።

ሁለተኛ ቁልፍም አለ። 803 ላይ ያለ አስፓራጂን ላይ ኤፍአይኤች የሚባል ሌላ ኢንዛይም ያው ሃይድሮክሲል ይለጥፋል። ይሄኛው አያስገድለውም። ፒ300 ከሚባለው ረዳቱ ጋር እንዳይገናኝ ነው የሚከለክለው። ኦክስጅኑ እያነሰ ሲሄድ ፒኤችዲ ቀድሞ ይደክማል፣ ኤፍአይኤች ትንሽ ይቆያል። ስለዚህ ከወፍጮው ያመለጠው ሂፍ ሁሉ ወዲያው በሙሉ ኃይሉ አይሠራም።

የፕሮሊኑ ነገር የታወቀው በ2001 ነው። ቦስተን ያለው የዊልያም ኬሊን ቡድን እና ኦክስፎርድ ያለው የፒተር ራትክሊፍ ቡድን በአንድ ጊዜ አወጡት። ሂፍን ራሱን ቀድሞ ያገኘው ግሬግ ሴመንዛ ነው። ሦስቱም በ2019 የሕክምና ኖቤል ተሰጣቸው። ራትክሊፍ በ1992 ለአንድ ትልቅ መጽሔት የላከው ጽሑፍ ተመልሶበት ነበር። ብሎትሽ ባዶ ሲሆን ያንን አስቢ።

ቀጥተኛ፦
ይቅርታ፣ እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ። ይሄ ነገር ግን ንድፉ መጥፎ ነው። አንድን ነገር ያለማቋረጥ ሠርቶ ያለማቋረጥ መጣል? እኔ እንዲህ ያለ ኮድ ብጽፍ ያባርሩኛል።

ብሎት_ያስረጀኝ፦
@ቀጥተኛ ጠዋት ታክሲ ተራ ቆመህ ታውቃለህ? ሹፌሩ ሞተር አያጠፋም። ነዳጅ ይፈጃል፣ ሰውም ያጉረመርማል። ወያላው «ሞላ!» ባለ ቅጽበት ግን መኪናው ሄዷል። ሴሉ ኦክስጅን ሲያጣ ጂኑን ከፍቶ፣ አርኤንኤ ጽፎ፣ ፕሮቲን ሠርቶ እስኪጨርስ ቢጠብቅ ያ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። አሁን የሚጠበቅበት ማፍረሱን ማቆም ብቻ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ሂፍ ሞልቶ ይፈሳል።

ቀጥተኛ፦
እሺ ይሄ ገባኝ። ተራውን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ቀጥሉ።

ሰባራ_ፒፔት፦
ወደ ፒ53 ልመለስ። እሱም እንደ ሂፍ ሁልጊዜ ይሠራል፣ ሁልጊዜ ይፈርሳል። አፍራሹ ኤምዲኤም2 ይባላል፤ ዩቢኩቲን ለጥፎ ወደዚያው ወፍጮ ይልከዋል። ዲኤንኤ ሲሰበር ግን ኤቲኤም የሚባለው ኢንዛይም ይነቃል። እሱና የሱ ታዛዦች ፒ53 ጫፍ ላይ፣ ሴሪን 15 እና ሴሪን 20 የተባሉ አሚኖ አሲዶች ላይ፣ ፎስፌት ይለጥፋሉ። ያ ቦታ ኤምዲኤም2 የሚጨብጥበት አካባቢ ነው። ፎስፌት አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው፣ ለአፍራሹ ጭብጡ ይላላል። ፒ53 ይተርፋል።

ልዩነቱን አየሽው? ሂፍ ላይ የተለጠፈው ለገዳዩ እጀታ ይሰጠዋል። ፒ53 ላይ የተለጠፈው የገዳዩን እጀታ ያሟልጨዋል። ምልክቱ በራሱ «ሙት» ወይም «ኑር» አይልም።

የኔታ_ዘሰኞ፦
ልጆች፣ እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ከጻፋችሁት ግማሹ አልገባኝም። የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ግን በደንብ አውቃታለሁ። «አለ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪ ላልቶ ካነበበው «ተናገረ» ነው፣ ጠብቆ ካነበበው «ይኖራል» ነው። ፊደሉ ያው ነው። የለወጠው አንባቢው ነው። እናንተ የምትሉት ይሄንን አይደለም?

ሰባራ_ፒፔት፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ! ይሄንን ክፍል ውስጥ መጠቀሜ አይቀርም፣ ከወዲሁ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፕሮቲን ላይ ፊደሉ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው፣ አንዳንዱም በቦታ ይጣላል። ፒ53 ጭራው ላይ ላይሲን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች አሉ። ኤምዲኤም2 ዩቢኩቲን የሚለጥፈው እነሱ ላይ ነው። ያው ፒ300 ደግሞ እነዚያው ላይ አሴቲል የሚባል ሌላ ምልክት ይለጥፋል። ወንበሩ አንድ ነው፤ አሴቲል ከተቀመጠበት ዩቢኩቲን ቆሞ ይቀራል። ይህ አሴቲል የታየው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት አሴቲል ሲባል ዲኤንኤው የሚጠቀለልባቸው ሂስቶኖች ነበሩ ትዝ የሚሉን።

ጥርጣሬ_ይጠቅማል፦
@ሰባራ_ፒፔት ወንድሜ፣ የወንበሩ ወሬ ያምራል፣ ግን ትንሽ ቀዝቀዝ በል። በ2005 ሁለት ቡድኖች እነዚያን የጭራ ላይሲኖች በሙሉ የቀየሩባቸው አይጦች ሠርተው ነበር። ዩቢኩቲንም አሴቲልም እዚያ መቀመጥ አይችልም። ሁሉም ሰው ፒ53 ይከማቻል ወይም ይሽመደመዳል ብሎ ጠበቀ። አይጦቹ ግን ተወለዱ፣ አደጉ፣ ፒ53ም ዕድሜው ብዙም ሳይለወጥ ሥራውን ቀጠለ። የሴሪኖቹን ምልክት ብቻ የነሷቸው አይጦችም ቢሆኑ ፒ53 ጨርሶ እንደሌላቸው አልሆኑም።

እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ፒ53 ላይ ያሉት ምልክቶች አብዛኞቹ የሬዲዮ ድምፅ መቆጣጠሪያ እንጂ ማብሪያና ማጥፊያ አይደሉም። ሂፍ ነው ልዩው። እዚያ ሁለት ፕሮሊን ቀይሪ፣ አየር ሞልቶም አልፋ አይፈርስም። ለልጅቷ መልስ የምትሰጡ ከሆነ ሁለቱን እኩል አድርጋችሁ አትንገሯት።

ሰባራ_ፒፔት፦
ልክ ነህ። «ዋናው ቁልፍ» እንደሆነ አስመስዬ ነው የጻፍኩት። ተቀብያለሁ።

የኩላሊት_ሐኪም፦
ዘግይቼ ነው ያየሁት። ከክሊኒክ በኩል ትንሽ ልጨምር። ኤሪትሮፖይቲን፣ ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዘው ሆርሞን፣ በአዋቂ ሰው በብዛት የሚመጣው ከኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ በሽተኛው ደሙ ይቀንሳል። እስከ ቅርብ ጊዜ መልሱ መርፌ ነበር፣ አሁንም በብዙ ቦታ መርፌ ነው። መርፌው ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። መብራት በሚሄድበት አገር ይሄ ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው። አንድ ታካሚዬ መርፌዋን በበረዶ ጠርሙስ ጠቅልላ፣ በነጠላ አስራ፣ ከክፍለ ሀገር አውቶቡስ ላይ ሙሉ ቀን ታቅፋ ታመጣው ነበር።

እናንተ የምትሉትን ፒኤችዲ የሚያደነዝዙ እንክብሎች አሁን አሉ። ሮክሳዱስታት በ2018 ቻይና ውስጥ ተፈቀደ። ዳፕሮዱስታት በ2023 አሜሪካ ውስጥ፣ ለዳያሊሲስ በሽተኞች። ኮባልቱ በጭካኔ የሠራውን እነሱ በልክ ይሠሩታል፤ ሴሉ ኦክስጅን ያነሰው ይመስለዋል፣ ኤሪትሮፖይቲን ይወጣል። ነገር ግን እንደ ከረሜላ አይወሰዱም። የደም መርጋት ሥጋት አለባቸው፣ የአሜሪካው ተቆጣጣሪም በዚያ ምክንያት ነው ማስጠንቀቂያ ያስለጠፈባቸው። ለሯጮች ደግሞ ክልክል ናቸው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ቪኤችኤል ጂን ተበላሽቶ የተወለዱ ሰዎች አሉ። ፕሮሊኑ ላይ ምልክቱ ይለጠፋል፣ የሚያነበው ግን የለም። ሂፍ ይከማቻል፣ ኩላሊት ላይ፣ ዓይን ውስጥ፣ አንጎል ላይ ደም ሥር የበዛበት ዕጢ ይወጣል። ለእነሱ በ2021 ቤልዙቲፋን የሚባል መድኃኒት ተፈቀደ፤ ሂፍ-2 አልፋ ከቤታ ጋር እንዳይጣመር ያደርጋል።

የቤተሙከራ_ልጅ፦
ዶክተር በጣም አመሰግናለሁ። ሂፍ-2 ያሉት ግን በስህተት ነው ወይስ ሌላ ነው?

የኩላሊት_ሐኪም፦
ሌላ ነው፣ ልጄ። ወንድምና እህት በያቸው። ሴመንዛ ሂፍ-1ን ያገኘው የኤሪትሮፖይቲን ጂንን ሲያጠና ነው፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ሆርሞኑን ከሂፍ-1 ጋር ያያይዛል። አዋቂ ሰው ኩላሊት ውስጥ ግን በዋናነት የሚያዘው ሂፍ-2 ነው። ፈተና ላይ ቢመጣ አስተማሪሽ የሚፈልገውን ጻፊ። 🙂

ደባርቄው፦
እኔ ደባርቅ ነው ያደግኩት። ሰሜን ተራሮች ሥር። ልጅ ሆነን ፈረንጆች መጥተው ትንሽ ዳገት ሲወጡ ራሳቸውን ይዘው ሲቀመጡ እንስቅ ነበር። እኛ እንጨት ተሸክመን እንሮጣለን። ታዲያ እኛ ሂፋችን ሌላ ነው ማለት ነው?

ጥርጣሬ_ይጠቅማል፦
ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ መልሱ ግን ከምትጠብቀው ይገርማል። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2002 ያወጡት ጥናት አለ። እዚያው እናንተ ጋ፣ አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለኩ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9 ግራም በዴሲሊትር፣ የሴቶቹ 15.0። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ። ይህ ባሕር ጠለል አካባቢ የሚኖር ሰው ቁጥር ነው ማለት ይቻላል! የአንዲስ ተራራ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። የቲቤቶቹ ሄሞግሎቢን አይወጣም፣ ግን ሙሌታቸው ዝቅ ይላል። የእናንተ ሦስተኛ መንገድ ነው።

ቲቤቶቹ ላይ የተገኘው ለውጥ በቀጥታ የዚህ ክር ጉዳይ ነው፤ አንዱ ሂፍ-2 አልፋን የሚሠራው ጂን ላይ፣ ሌላው የፒኤችዲ ጂን ላይ። እኛ ላይ እነዚያው አልተገኙም። የእኛ ከፍተኛ ቦታ ሰዎች ጂኖች ሲፈተሹ ሌሎች ስሞች ነው የወጡት፣ አንዳንዶቹ ከሂፍ ሰፈር ናቸው። ስለዚህ «ሂፋችን ሌላ ነው» አትበል። «የኛ አካል በሌላ በር ገብቷል» በል።

ደባርቄው፦
ይሄን ለእናቴ ላነብላት ነው። «ድሮስ!» ማለቷ አይቀርም።

ጤና_ለሁሉም፦
ቫይታሚን ሲ ለፒኤችዲ ያስፈልጋል የሚል አንብቤያለሁ። እንግዲያው ብርቱካን በብዛት ብንበላ ካንሰርን...

የኩላሊት_ሐኪም፦
ወንድሜ፣ እዚያ ላይ አቁም። ቫይታሚን ሲ የኢንዛይሙን ብረት በሚሠራበት ሁኔታ ለማቆየት ይረዳል፣ እውነት ነው። ሳሕን ላይ ያለ ሴል እና ሰው ግን አንድ አይደሉም። ብርቱካኑን ስለሚጣፍጥ ብላው።

የቤተሙከራ_ልጅ፦
ሰኞ ያልኩት ረቡዕ ሆነ፣ መብራት አልነበረም። ውጤቱን ይዤ መጥቻለሁ።

የኤስዲኤሱን ፈሳሽ በቴርሞስ ሻይ መስዬ ምድር ቤት አወረድኩት። አራት ሳሕን። አንዱን እንዳወጣሁ ምግቡን ደፍቼ ትኩሱን አፈሰስኩበት፣ 20 ሰከንድ አልፈጀም። ሁለተኛውን 5 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ሦስተኛውን ሆን ብዬ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ይዤው ወጣሁ፣ 12 ደቂቃ ሞልቼ። አራተኛው ኮባልት፣ ተራ አየር ላይ።

የመጀመሪያው ላይ ወፍራም ጥቁር መስመር! ኮባልቱም ላይ እንዲሁ። 5 ደቂቃው ግራጫ ነው፣ ዓይንን አጥብቦ ማየት ይፈልጋል። ፎቅ የወጣው ምንም የለውም። አክቲኑ አራቱም ላይ እኩል ነው።

አማካሪዬ ፊልሙን መስኮት ላይ አድርጎ አየው። ቆይቶ «ደረጃው ላይ ነው የሞተው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ይሄን ቴሲስሽ ውስጥ አስገቢው» አለና ሊፍቱን ስለማስጠገን ስልክ ሊደውል ወጣ።

ብሎት_ያስረጀኝ፦
እልልልል! ፎቶ የታለ?

የቤተሙከራ_ልጅ፦
በስልኬ ያነሳሁት ደብዝዟል፣ ነገ በስካነር አድርጌ እለጥፋለሁ። የጎረቤቴን አንቲቦዲ ግን ገና አልመለስኩም። አትንገሩብኝ።

የኔታ_ዘሰኞ፦
«ገና» ላልቶ ነው ጠብቆ? ጠብቆ ከሆነ እስከ ታኅሣሥ ማቆየትሽ ነው። 😄